ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ተሳቢ ቤት እንዴት ይመረጣል?

ለዛሬ ያዘጋጀንላችሁ ትምህርት በመኪና እየተጎተተ ከቦታ ቦታ ስለሚሄድ ቤት ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ ሮቶው፣ መብራቱ ሁሉ በውስጡ አለ፤ የራሱ ሞተር ግን የለውም፤ ከመኪና ኋላ ተያይዞ ይሄዳል። ካራቫን የሚሉት አሉ። እኛ በዚህ ዝግጅት ተሳቢ ቤት እያልን እንጠራዋለን።

ነገሩ የሩቅ አገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን እስኪ ሥራቸው ከቤታቸው የሚያርቃቸውን ሰዎች አስቡ። መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎች ወራት በድንኳን ያድራሉ። የከብት ክትባት ቡድን ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል። ጉና ተራራ ሥር ወይም ጣና ዳር እንግዳ ለማሳደር የተደራጁ ወጣቶች ሎጅ የሚያሠራ ገንዘብ አይኖራቸውም። ውጭ አገር ያለ ወንድም "ያገለገለ ተሳቢ ቤት ልላክላችሁ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የብየዳ ባለሙያም በአሮጌ ሻንሲ ላይ ቤት ልሥራላችሁ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ምን አይተን እሺ፣ ምን አይተን ይቅርብን እንበል? የዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ ይመልሳል።

መልሱን ባጭሩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ተሳቢ ቤት የሚመዘነው ከሥር ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ክብደቱና የሚሄድበት መንገድ፣ ቀጥሎ ሻንሲውና ፍሬኑ፣ ቀጥሎ ጣራው፣ ከዚያም ሙቀቱ፣ ውሃውና መብራቱ ይታያል። አልጋውና መጋረጃው የመጨረሻ ናቸው። ብዙ ገዢ የሚከስረው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከመጋረጃው ስለሚጀምር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ እነዚህ ቤቶች በአገራችን መንገድ የተፈተኑበት አንድ ትልቅ ጉዞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዋሊ ባያም የተባለ አሜሪካዊ ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን እስከ ግብፅ ካይሮ የሚዘልቅ ጉዞ መርቶ ተነሣ። ሰውየው ኤርስትሪም የሚባሉትን ባለ አሉሚኒየም ተሳቢ ቤቶች የሚሠራው ድርጅት መሥራች ነው። በጉዞው 41 ተሳቢ ቤቶችና ከ100 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ኢትዮጵያን ሲያቋርጡ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። ይሁን እንጂ ከኬንያ ድንበር ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከመላው ጉዞ እጅግ ከከበዷቸው አንዱ ሆነ። ጭቃውና ድንጋዩ የፈተነው ከሥር ያለውን ብረት ነበር። ስብራትና ጥገና የየዕለት ሥራቸው ሆነ።

ከዚያ 90 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ በዚሁ በእኛው በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ከዚህ የከበደ ነገር በጎማ ሳይሆን በሠረገላ ተጎትቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠሩ። ክብደቱ 70 ኩንታል ይጠጋል። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም.፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ መድፉን በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። በጨጨሆ አድርገው ወደ ዋድላ፣ ከዋድላ ወደ ደላንታ እየዘለቁ በየደረሱበት ቋጥኝ እያስፈነቀሉ መንገድ ያሠሩ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ወርደው ወጡ። መድፉን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትተዋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንዳያመልጥ ያንኑ ያህል ሰው ወደ ኋላ ይይዘዋል። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ መንገዱ ስድስት ወር ገደማ ወሰደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው አምባ ሕይወታቸው አለፈ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለዛሬው ርዕሳችን ሦስት ነገር ስለሚያስተምር ነው። አንደኛ፣ ከባድ ነገር ከመጎተቱ በፊት መንገዱ ይታያል። ሁለተኛ፣ ጉዞው በበጋ ይሆናል፤ ንጉሡ ክረምት ሳይወጣ አልተነሡም። ሦስተኛ፣ ቁልቁለት እንደ ዳገት ሁሉ ኃይል ይጠይቃል። እነዚህ ሦስቱ ዛሬም አልተለወጡም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ክብደት ነው።

በፋብሪካ የተሠራ ተሳቢ ቤት በሩ አጠገብ ወይም መጎተቻው ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለው። በዚያ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ አንዱ ባዶ ክብደቱ፣ ሌላው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እናንተ ልትጭኑ የምትችሉት ነው። ለምሳሌ ባዶው 2,700 ኪሎ፣ የተፈቀደለት ደግሞ 3,500 ኪሎ ቢሆን ለእናንተ የቀረው 800 ኪሎ፣ ማለትም ስምንት ኩንታል ነው።

ስምንት ኩንታል ብዙ ይመስላል። እንቁጠረው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 200 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ኩንታል ሄደ። ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ከነጋዙ 50 ኪሎ ገደማ፣ ሁለት ትልልቅ ባትሪዎች 60 ኪሎ፣ ጄኔሬተር ከነነዳጁ 70 ኪሎ፣ ቅያሪ ጎማ፣ ክሪክና የመፍቻ ሣጥን 60 ኪሎ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና የማብሰያ ዕቃ 150 ኪሎ እንበል። ድምሩ 590 ኪሎ ሆነ። የቀረው ሁለት ኩንታል ብቻ ነው። ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ልብሱ፣ የሥራ መሣሪያው ሁሉ ከዚያ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሻጭ "ከባድ ጭነት ይችላል" ሲላችሁ "ስንት ኪሎ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩን በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ። በአካባቢ የተሠራ ከሆነና ሰሌዳ ከሌለው የምድር ሚዛን ላይ አውጥታችሁ አስመዝኑት። ያልተመዘነ ተሳቢ ቤት አይገዛም።

ከጠቅላላው ክብደት ሌላ በመጎተቻው ራስ ላይ፣ መኪናው ላይ የሚያርፈው ክብደትም ይታያል። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ለ3,500 ኪሎ ተሳቢ ከ350 እስከ 525 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሾፌሩ መቆጣጠር ያቅተዋል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይልና የፊት ጎማዎቹ መሬት መያዝ ይሳናቸዋል። ይህ የሚስተካከለው በዕቃ አደራደር ነው። ከባድ ዕቃ ወለል ላይ፣ ከአክስሉ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጥ። ከኋላ ጫፍ ላይ ዱቄት መከመር አደገኛ ነው።

የሚጎትተውን መኪናም አትርሱ። የአምራቹ መመሪያ ስንት ኪሎ መጎተት እንደሚችል ይነግራችኋል። ያ ቁጥር ግን በአብዛኛው ከእኛ ደጋ በጣም ዝቅ ባለ አገር የተለካ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስስ ስለሚሆን ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ደብረ ታቦር ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ዳገት ነው። በየ100 ሜትሩ ስምንት ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ 3,500 ኪሎ ተሳቢ መኪናውን በ280 ኪሎ ክብደት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ የመኪናችሁን አቅም እስከ ጫፉ የሚጨርስ ተሳቢ አትግዙ፤ ቢያንስ ሩቡን ትርፍ ተዉለት።

ሁለተኛው ምርመራ ሻንሲ፣ አክስልና ጎማ ነው። እዚህ ላይ ማፈር የለም። ማዳበሪያ ወይም ካርቶን አንጥፋችሁ፣ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡ። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የተያያዘበትን ቦታ አንድ በአንድ በብርሃን ተከተሉ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከታየ፣ በተለይ ብየዳው አጠገብ ከሆነ፣ ያ ተሳቢ ኮረኮንች አይችልም። የተላጠ ዝገት ራሱ ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ዝገት ላይ ትናንት የተቀባ ጥቁር ቀለም ግን ያጠራጥራል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ከወለሉ በታች የተንጠለጠለ ቱቦና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ካለ ከመሬት ያለውን ርቀት ለኩ። ዋናውን አስፋልት ለቅቃችሁ ወደ ቀበሌ መንገድ ስትገቡ የመጀመሪያው ድንጋይ የሚያገኘው እሱን ነው።

ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያሉ። 2319 ቢል በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ተሳቢ ቤት ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚኖር ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል፤ የደጋው ፀሐይም ያደርቀዋል። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዋጋ ስትደራደሩ እንደሚቀየር ቁጠሩት። በጎማው ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅምም ከተሳቢው ሙሉ ክብደት ጋር መመጣጠኑን አረጋግጡ። ለከባድ ቤት ባለ ሁለት አክስል ይሻላል፤ አንዱ ጎማ ቢፈነዳ ሌላው ሚዛኑን ይይዛል።

ከዚያ ሳይጎተት አይገዛም። 20 ኪሎ ሜትር ያህል አስጎትታችሁ አቁሙና የጎማውን መሐል፣ ኩሽኔታው ያለበትን ቦታ፣ በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ ዳስሱ። ሁሉም ለብ ቢሉ ደህና ነው። አንዱ ብቻ እጅ የማያስቀምጥ ትኩስ ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ወይ ፍሬኑ ይዞ አለቅም ብሏል። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ማንም ሊያየው ይችላል።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። ከደብረ ታቦር በዓለም በር አድርጋችሁ ወደ ወረታ ስትወርዱ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 900 ሜትር ዝቅ ትላላችሁ። 3,500 ኪሎ ተሳቢ ያን ያህል ሲወርድ ጉልበቱ የሆነ ቦታ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ፤ 100 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ በመኪናው ፍሬን ላይ ብቻ ከወደቀ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም እምቢ ይላል። በመንገዶቻችን ላይ "ፍሬን በጠሰ" የሚባለው አደጋ በአብዛኛው የሚጀምረው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከባድ ተሳቢ የራሱ ፍሬን፣ በሁሉም ጎማዎቹ ላይ፣ ሊኖረው ግድ ነው። በተጨማሪም ተሳቢው ከመኪናው ድንገት ቢላቀቅ ሽቦው ተስቦ ፍሬኑን ራሱ የሚያሲዝ መሣሪያ፣ ከመጎተቻው ሥር ደግሞ ተጠላልፈው የሚታሰሩ ሁለት ሰንሰለቶች ይኑሩት። ሾፌሩ ቁልቁለቱን የሚጀምረው ከላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ነው፤ ከተንደረደረ በኋላ ማርሽ መፈለግ ጊዜው ያለፈበት ነው። አንድ ሕግ እዚህ ላይ አጥብቄ ላስታውስ፤ ተሳቢው በሚጎተትበት ጊዜ ውስጡ ሰው አይቀመጥም። ልጅም ቢሆን፣ ለአጭር መንገድም ቢሆን።

(አጭር ሙዚቃ)

አራተኛው ጣራ ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ በረዶውም አለ። አባቶቻችን የጎጆን ጣራ ሾጠጥ አድርገው የሚሠሩት ውሃ ሳይቆም እንዲወርድ ነው። የአብዛኛው ተሳቢ ቤት ጣራ ግን ለጥ ያለ ነው፤ ውሃ ይቋጥራል። ተሳቢ ቤትን ያለ ጊዜው የሚገድለው ቀስ ብላ የምትገባ ጠብታ ናት።

መሰላል አምጥታችሁ ላይ ውጡ። መጋጠሚያዎቹ በሲሊኮን ወይም በመሰል ማጣበቂያ ተደፍነዋል። የደጋ ፀሐይ ይህን ማጣበቂያ ያደርቀዋል፤ በጥፍራችሁ ስትነኩት እንደ ላስቲክ ካልታጠፈና እንደ ደረቅ ጭቃ ከተፈረፈረ ክረምቱን አይችልም። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። ቁም ሣጥኖቹን ክፈቱ፤ የመስኮቱን ሥርና አራቱን ማዕዘኖች በአውራ ጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ኮምፔርሳቶው ጠንክሮ ከተቋቋማችሁ ደህና ነው። እንደ እርጥብ ዳቦ ከሰረጎደ ውስጡ በስብሷል። የሻገተ ሽታ ካለ ሽቶም ሆነ አዲስ ቀለም አያታልላችሁ። ከተቻለ ይህን ምርመራ ሐምሌ ውስጥ አድርጉት፤ ዝናብ ላይ ውስጡ ቁጭ ብላችሁ አንድ ሌሊት አሳልፉ። በበጋ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ጣራው ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ይመልከት። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ ባለሙያው ጣራውን ወደ አንድ ጎን ጥቂት ዘንበል አድርጎ፣ በተቻለ መጠን ባልተቀጠለ ላሜራ እንዲሠራው ንገሩት።

አምስተኛው ብርድ ነው። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። ቀጭን ላሜራ ብቻ የሆነ ግድግዳ ውስጥ ያን ሌሊት ማደር ሥቃይ ነው። ግድግዳው፣ ጣራውና በተለይ ወለሉ በሁለት ሽፋን መካከል ፎም ሊኖረው ይገባል። ብዙ ሠሪዎች ግድግዳውን ይሸፍኑና ወለሉን ይረሱታል፤ ብርዱ ግን ከሥር ነው የሚመጣው። የውሃ ቱቦዎቹም ከውጭ ከሄዱ በውርጭ ይረጋሉ፤ በውስጥ በኩል ይሂዱ።

ቤቱ በደንብ በተዘጋ ቁጥር ሌላ ችግር ይመጣል። አራት ሰው ሲተኛ በትንፋሹና በላቡ በአንድ ሌሊት አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ይህ እርጥበት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ይንጠባጠባል፤ ፍራሽ ያሻግታል፤ ደረት ያሳምማል። መድኃኒቱ የማይዘጋ የአየር መተላለፊያ ነው፤ አንዱ ከወለል አጠገብ፣ ሌላው ከጣራ አጠገብ።

አድማጮቼ፣ አሁን የምናገረውን በተለይ አዳምጡኝ። በተሳቢ ቤትም ሆነ በማናቸውም ዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ አትተኙ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ከደማችን ጋር ተጣብቆ ኦክስጅን እንዳይደርስ ይከለክላል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ ያልፋል። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ብቻ ሆኗል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ፍሙም ያንኑ ጋዝ ይሰጣል። ጄኔሬተርም ከመስኮትና ከበር ርቆ ውጭ ይነሣ። ለሙቀት ወፍራም ብርድ ልብስና ደህና ወለል ይሻላል።

ስለ ማብሰያም አንድ ሁለት ቃል ልበል። በደብረ ታቦር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ባቄላውና ምስሩ ቶሎ አይበስልም። የግፊት ድስት ጊዜውንም ጋዙንም ይቆጥባል። ቡታን የበዛበት ጋዝ ደግሞ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከሲሊንደሩ መውጣት ያቅተዋል። ጉና ላይ ሌሊቱን ያደረ ሲሊንደር ጠዋት እምቢ ቢል አልቆ ላይሆን ይችላል፤ ፀሐይ እስኪሞቀው ጠብቁት። በእሳት ግን በፍጹም አታሙቁት።

ስድስተኛው ውሃና መብራት ነው። አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ቢያንስ 20 ሊትር በቀን ያስፈልገዋል። ለአራት ሰው 80 ሊትር ነው። 200 ሊትር ሮቶ ሁለት ቀን ተኩል ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ለመኖር ወሳኙ የሮቶው ትልቅነት ሳይሆን ንጹሕ ውሃ የምትቀዱበት ቦታ ቅርበት ነው። የክረምቱን የጣራ ውሃ ለእጥበት ማጠራቀምም ይቻላል።

የሶላር መብራት ስታስገቡ ስሌቱን በጥር ፀሐይ አታድርጉት፤ በሐምሌ ደመና አድርጉት። በበጋ ከሚበቃው የሶላር መጠን እጥፍ ያህል ቢኖር ክረምቱን በሰላም ትወጡታላችሁ። የተለመደው የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ከተጻፈበት አቅም ግማሹን ብቻ እንዳላችሁ ቁጠሩ። የሊትየም ባትሪ ይህ ችግር የለበትም፤ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፤ በውስጥ በኩል ይቀመጥ።

የመጸዳጃውን ፍሳሽ በተመለከተ የምናገረው ከልቤ ነው። ጉና የጉማራና የርብ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ተራራው ላይ ቆሞ ቆሻሻ የሚለቅ ተሳቢ ቤት ከታች ያለውን ገበሬ፣ ከብቱንና ልጁን ይበክላል። ማጠራቀሚያው የተዘጋና የማያፈስ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ ወደ ጉድጓድ የሚገለበጥ ከሆነም ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ይቆፈር።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጨረሻው ነጥብ የሚቆምበት ቦታ ነው። የፎገራ ሜዳና የደራ ዝቅተኛ ቦታዎች ብዙው መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ይለሰልሳል፣ ጎማ ይውጣል። ርብና ጉማራም ሞልተው ሜዳውን የሚያጥለቀልቁት በዚያው ወቅት ነው። በግንቦት በሰላም ያቆማችሁትን ተሳቢ በሐምሌ በትራክተርም ላታወጡት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ድንጋያማ ወይም ጠጠር ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። የደረቀ የወንዝ መውረጃ ላይ በፍጹም አትቁሙ፤ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ከላይ የዘነበው ጎርፍ ሌሊት ይመጣል። ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥርም አትቁሙ። ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፉ፤ የማዕዘን ድጋፎቹን ሰፊ ጣውላ ላይ አስቀምጡ። እነዚያ ድጋፎች ቤቱ እንዳይወዛወዝ ለመያዝ እንጂ ክብደቱን ለማንሣት የተሠሩ አይደሉም።

እንግዲህ ሁሉንም አንድ ላይ ስናየው ለእኛ አካባቢ ፍርዱ ይህ ነው። ከባድ ተሳቢ ቤት በደቡብ ጎንደር ደጋ ዓመቱን ሙሉ ሊኖሩበት ይቻላል፤ ዓመቱን ሙሉ ሊጎትቱት ግን አይቻልም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይንቀሳቀስ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። ብዙ ጊዜ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር ቡድን ከትልቁና ከከባዱ ይልቅ ቀለል ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለው፣ የራሱ ፍሬን ያለው ይጠቅመዋል። እንግዳ ለማሳደር አንድ ቦታ ለሚያቆም ማኅበር ደግሞ ከባዱ ያዋጣዋል፤ ጣራውና ወለሉ ደህና ከሆነ።

በተለይ እናንተ በማኅበር የተደራጃችሁ ወጣቶች፣ ይህ የብዙ ሰው ገንዘብ ነውና ለመግዛት ስትሄዱ አንድ መካኒክና አንድ የብየዳ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። ክብደቱን ሳታስመዝኑ፣ ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሳትሞክሩ፣ ጣራውን በውሃ ሳትፈትኑ ቀብድ አትክፈሉ። ሻጩ ከእነዚህ አንዱን እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።